ቅዳሴ እስኪወጣ

በረንዳችን ላይ አንድ ፈላስፋ ተቀምጧል። የካርቱም ጦርነት ያፈናቀለው ያገራችን ሰው ልጅ ነው፤ እዚያ አስተማሪ ስለነበረ ሰፈሩ ሁሉ «ኡስታዝ» ይለዋል። ቤታችን ሲመጣ አንገሬብ፣ ያው የገመድ አልጋ ማለቴ ነው፣ አወጣንለት። እሱም እዚያው ላይ ተጋድሞ የዓለምን ችግር ሲመረምር ይውላል። ምርመራውን ከጨረሰ ቆይቷል። የዓለም መከራ ሁሉ መነሻው ሃይማኖት ነው ይላል። ሃይማኖት ባይኖር ሰው እንደ በግ ተስማምቶ ይኖር ነበር። በግ አርብቶ እንደማያውቅ ከዚህ ገባኝ።

«እትዬ፣ እስቲ ይንገሩኝ» አለኝ አንድ ቀን ሽሮውን እየጠቀለለ። «እርስዎን ከጎረቤትዎ የሚለየው ምንድን ነው? ሃይማኖት አይደለም?»

«የጭቃ ግድግዳ ነው» አልኩት።

ሳቀብኝ። ያን ጊዜ ግድግዳው ገና አልወደቀም ነበር።

እኔ ክርስቲያን ነኝ። ለመመጻደቅ አይደለም ይህን የምለው፤ ጾሙን እጾማለሁ፣ ሲነሳብኝ እሳደባለሁ፣ ከዚያ ንስሐ እገባለሁ። እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ የገባሁት ገና ልጅ እግር ሳለሁ በመተማ በኩል ነው፤ እንጀራዬም ከእህል ገበያው ሰሊጥ ማበጠር ነው። ጎረቤቴ ደግሞ እስላም ነው፣ መካ ደርሶ የመጣ ሐጂ። እሱም ያገራችን ሰው ነው። ከባለቤቴ ጋር ባንድ ጭነት መኪና ድንበር ተሻግረው፣ ጎን ለጎን ቦታ ይዘው፣ አንድ ጉድጓድ ጭቃ አብረው ረግጠው ነው ሁለቱን ቤት የሠሩት።

የሐጂ ሚስት በአራስነቷ ሞተችበት። እኔም ያን ጊዜ የመጨረሻ ልጄን እያጠባሁ ነበር። ሐጂ ጨቅላይቱን በፎጣ ጠቅልሎ በራችን ላይ ቆመ። ምን ይናገራል? ተቀበልኩት። ከዚያ ወዲያ ባንዱ ጡት ወንዱ፣ በሌላው ሴቷ ሆነ። በኋላ ነፍሱ ሲመለስለት «በሸሪዓ ከእንግዲህ እናቷ አንቺ ነሽ፤ ልጆችሽም ወንድሞቿ ናቸው» አለኝ።

መቼም ሰው ዝም አይልም። የጽዋ ማኅበራችን ሰብሳቢ፣ ከሰፈሩ ሴት ሁሉ ጾሟም ምላሷም የረዘመ ሴት ናት፣ «የክርስቲያን ጡት ጠብታ ምን ልትሆን ነው?» ብላ ተጨነቀችልኝ። ምን ትሆናለች! አድጋ አምስቱንም ሰላት በሰዓቱ የምትሰግድ ልጅ ሆነች። ያንኑ ጡት የጠባው የኔው ጉድ ግን እሑድ ጠዋት ለቅዳሴ ሲቀሰቅሱት እንደሚታረድ ነው የሚጮኸው።

ልጆቹ ነፍስ ሲያውቁ ጾሙም ተደባለቀ። በረመዳን የኔዎቹ «እኛም ጾመናል» ብለው ምሳ እምቢ ይሉ ነበር፤ ዓይናቸው ግን ከሰሐኑ አይነቀልም። በፍልሰታ፣ በዚያ ሕፃን ሳይቀር ቅዳሴ እስኪወጣ እህል በማይቀምስበት በነሐሴው ጾም ደግሞ፣ ልጅቷ ከወንድሞቿ ጋር አብራ ትጾማለች። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሆዷን ይዛ ትቆይና እኔ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በግድግዳው ቀዳዳ አፏን አስጠግታ «እማ፣ ቅዳሴ ወጣ?» ትለኛለች። «ወጣ ልጄ» ካላልኳት አትበላም። አባቷ ይስቃል። «ምን ላድርግ፣ ግማሿ ያንቺ ነው» ይላል።

ሌላም ልማድ አለን። እኛ ዘንድ ክርስቲያን እስላም ያረደውን አይበላም፣ እስላምም ክርስቲያን ያረደውን አይበላም። ኡስታዝ ይህን ሳጫውተው ከአንገሬቡ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። «ይኸው! ባንድ በግ እንኳ አትስማሙም!» አለ። ኧረ እንስማማለን። ሐጂ ድግስ ሲኖረው ሁለት በግ ይገዛል። አንዱን ራሱ ቢስሚላህ ብሎ ያርዳል፤ ሌላውን ባለቤቴ እዚያው ሐጂ ግቢ በስመ አብ ብሎ ያርዳል፤ ድስቱም ማዕዱም ለየብቻ ይሆናል። የኛ ድግስ ሲሆን ተራው ይገለበጣል። የጥሪ ወረቀት የሚባል አናውቅም። ሁለተኛው በግ ታስሮ ካየን ተጠርተናል ማለት ነው። ከልጆቼ ክርስትና ጀምሮ እንዲህ ስንጠራራ ኖርን።

ከዚያ ግድግዳው ወደቀ።

ባለፈው ክረምት ሰማይ ተቀደደ። የገዳሪፍ ጥቁር ጭቃ ሲርስ ጫማ ያስወልቃል፤ ግቢያችንም ኩሬ ሆነ። ባለቤቴ ማንንም ሳያማክር አካፋውን ይዞ ወጣ፣ ቦይ ቆፈረ፣ ውሃውን መንገድ ላይ አወጣዋለሁ ብሎ በግድግዳው ሥር አሳለፈው። ውሃው ግን መንገድ መውጣት አላሰኘውም። ጠዋት ስንነሳ ግድግዳው ተዘርፍጦ ከሐጂ ጋር ፊት ለፊት ተፋጠጥን፤ እሱ ለሰላት የሚታጠብበትን የውዱ ማንቆርቆሪያ ይዞ፣ ባለቤቴ በውስጥ ሱሪ።

«ግድግዳዬን ጣልክብኝ» አለ ሐጂ።

«ዱሮውንስ አዝምሞ አልነበር?» አለ ባለቤቴ።

«ቦዩን ማን ቆፈረው?»

«ዝናቡን ማን አዘነበው?»

ይቺን ባይላት ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። «ጥፋትህን በአላህ ታሳብባለህ!» ብሎ ሐጂ ፊቱን አዞረ። ባለቤቴም «ደግሞ ሃይማኖት ሊያስተምረኝ!» ብሎ እየተበሳጨ ገባ። ልብ በሉልኝ፤ እስከዚህ ድረስ ነገሩ የቦይ ነገር ነበር።

ሁለቱ ሽበታሞች ተኳረፉ። ያለ ግድግዳ መኳረፍ ደግሞ አበሳው ብዙ ነው። አንዱ ሲያነጥስ ሌላው «ይማርህ» ላለማለት ከንፈሩን ይነክሳል። አንዱ ሽንት ቤት ሲሄድ ሌላው ሰማይ ሰማይ ያያል። ሐጂ በመጨረሻ ባዶ የሰሊጥ ጆንያ ሰፍቶ ክፍተቱን ጋረደው። ልጅቷ ግን ጆንያውን ገልጣ እንደ ልማዷ ትገባለች፤ ባለቤቴም ያላየ መስሎ ለእሷ ወንበር ይለቃል።

ሰፈሩማ ዓውደ ዓመት ሆነለት! ሳምንት ሳይሞላ የኛ ወገን «ክርስቲያን ስለሆኑ ነው» አለ። የመስጊዱ ወገን «ሙስሊም ስለሆነ ነው» አለ። ቦዩን የሚያነሳ ሰው ጠፋ። ሰብሳቢያችን ቤቴ ድረስ መጥታ ሁለት እጄን ያዘችና «ስለ ሃይማኖት መገፋት ክብር ነው፣ በርቺ» አለችኝ። «የገፋኝ ጎርፍ ነው» ብላት አልሰማችኝም። እኔ እንደገባኝ ሰው በቦይ ተጣላህ ቢሉት ያፍራል፤ በእግዚአብሔር ጉዳይ ተጣላህ ሲሉት ግን ደረቱን ይነፋል። ኡስታዝም ከአንገሬቡ ሆኖ «አላልኩም?» ይለኛል። ጾመኛዋ ሰብሳቢና ሃይማኖት የለሹ ኡስታዝ ባንድ ነገር ሲስማሙ ያን ጊዜ አየሁ።

በዚህ መሃል ልጅቷ ታጨች። ሙሽራው የኸሽም ኤል ቂርባ ልጅ ነው፣ ሱዳናዊ፣ እዚያው መስኖው ላይ የሚሠራ፤ ዓይኑን ሰብሮ ሲናገር ወደድኩት። ሠርጉም ሐሙስ ነው ተባለ። የቱ ሐሙስ? ፍልሰታ መሃል!

ባለቤቴ ይህን ሲሰማ እልል ሊል ምንም አልቀረው። «አየሽ? በፍልሰታ! በግ እንዳይገዛልን! እንዳይጠራን!» የሙሽራው የሥራ ፈቃድ በዚያ ሳምንት ብቻ መሆኑን ልጅቷ ነግራኛለች። ብነግረውም አልሰማኝም፤ ያገኘውን ቅሬታ ሊያስጥሉት የመጡ መሰለው። ሰብሳቢያችንም «ሆን ብሎ ነው» አለች። በገበያም አለች፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅም አለች፣ ደክሟት እስኪወጣላት አለች።

እኔን የጨነቀኝ ሌላ ነው። ልጄን ልድራት ነው ወይስ በጆንያ ቀዳዳ ልያት? ሙሽራ ከቤት ስትወጣ የእናቷን ጉልበት ትስማለች። የሷ እናት እኔ ነኝ፤ ሌላ የላትም። ጉልበቴን ሳትስም መኪና ላይ ከወጣች እኔ በቁሜ ሞትኩ። ግን ሳልጠራ እንዴት ልግባ? ባለቤቴ «እግርሽን ብታነሺ!» ብሎ ዝቷል። ሐጂም ትንፍሽ አላለም። ሰሊጥ ሳበጥር እንባዬ ወንፊቱ ላይ ይንጠባጠባል፤ ሴቶቹ አቧራው ነው ይሉኛል፣ እኔም አዎ እላለሁ።

አንድ ዘዴ አሰብኩ። ኡስታዝን «አንተ የማንም ወገን አይደለህም፤ ሂድና አስታርቀን» አልኩት። ደስ አለው፣ ጸጉሩን ሁሉ አበጠረ። ሄደላችሁና ለሐጂ ምን ቢለው ጥሩ ነው? «ጥላችሁ የሃይማኖት ጥል ነው፤ ሃይማኖታችሁን ብትተዉ ያኔውኑ ትታረቃላችሁ።» ከመካ ለተመለሰ ሰው! ሐጂ እየጮኸ በጆንያው በኩል አስወጣው፤ ባለቤቴን ከወዲህ በኩል ቆሞ ሲያገኘው ሐጂ ኩርፊያውን ረስቶ «አንተ ሰው! ምን ዓይነቱን ነው የምታበላው? ቢያንስ የናንተን ሃይማኖት ይያዝ እንጂ!» አለው።

ባለቤቴም ረስቶ «እኔስ መች እንቅልፍ ወስዶኝ ያውቃል በሱ!» አለ።

ከዚያ መነጋገራቸው ትዝ አላቸው። ሐጂ ጆንያውን ለቀቀው፣ ባለቤቴም ጉሮሮውን ጠርጎ ገባ። በሳቅ ልሞት ነበር፤ ወዲያው ግን ሆድ ባሰኝ።

ኡስታዝ ተዋርዶ አንገሬቡ ላይ ሲቀመጥ አሳዘነኝ፤ ምሳውን ይዤለት ሄድኩ። ክርክር ግን አልተውኩለትም። «ካርቱምን ያፈረሱት ሁለቱ ወገኖች ወዴት ዞረው ነው የሚሰግዱት?» አልኩት።

«ወዳንድ አቅጣጫ ነው» አለ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከትግራይ ሰው በድንበሩ ሲጎርፍ ያየሁትን ነገርኩት። የማኅበራችን ሴቶች ዳቦ ጋግረን ስደተኞቹ ያረፉበት መንደር 8 ሄደን ነበር። እግሯ የተላጠ፣ ጫማ የሌላት አንዲት እናት ዳቦውን ከእጄ ተቀብላ፣ አፏ ልታደርሰው ስትል ቆም አለችና በትግርኛ «ቅቤ አለበት? ጾም ነው እኮ» አለችኝ። ስንት ቀን እህል ሳትቀምስ የመጣች ሴት! የሸሸችውስ ማንን ነው? እንደሷው የሚጾም፣ እንደሷው የሚያማትብ ሰውን። ሃይማኖታቸው አንድ ነበር፤ አንድ መሆኑም አላዳናት።

ኡስታዝም የዋዛ አይደለም። «ታዲያ ካላዳናት ምን ይሠራል?» አለኝ።

እውነት ለመናገር ዛሬም ሙሉ መልስ የለኝም። ሃይማኖት እጁ ንጹሕ ነው ብዬ አልምልም፤ በስሙ የተቃጠለ ቤት በዚህም በዚያም ሞልቷል። ብቻ ያን ዕለት «ብላ፣ ወጡ ይቀዘቅዛል» አልኩትና ተነሳሁ።

የሠርጉ ሰሞን ሥራዬ በጆንያው ቀዳዳ ማየት ሆነ። አዳዲስ ድስቶች በረክሻ፣ በባጃጅ ማለት ነው፣ ሲገቡ አየሁ፤ ልጅቷ ለጎጆዋ ይዛቸው የምትሄድ መሰለኝ። በግ ግን አንድ ብቻ ነው የታሰረው። በጾም ለኛ በግ ምን ያደርጋል? አውቃለሁ። ለሆዴ ግን ማን ያስረዳው?

ሐሙስ ደረሰ። ከጆንያው ማዶ እልልታው ሲቀልጥ ነጠላዬን አጣፍቼ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ባለቤቴም ተከተለኝ፤ ለጽድቅ ሳይሆን ቤት መዋል አላስችል ብሎት ነው። ሰብሳቢያችን ከቅዳሴ ቀርታለች። ፍልሰታን አንድ ቀን አስታጉላ የማታውቅ ሴት! ታመመች መሰለኝና፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ትንሽ ደስ አለኝ።

ከቅዳሴው አንድ ቃል አልሰማሁም። ከእግዚአብሔር ጋር ስጣላ ነው የዋልኩት። «አንተ በጡት ያገናኘኸንን ቦይ ይለየን? እሺ፣ ይሁን፣ አየሁህ» አልኩት። በወንዶቹ በኩል ባለቤቴ አፍንጫውን ደጋግሞ ሲጠርግ አየሁት፤ ኋላ ስጠይቀው ጉንፋን ነው አለ።

ስንወጣ ሰማዩ ጠቁሯል። ከኸሽም ኤል ቂርባ የመጡት መኪኖች ሰፈራችን መግቢያ ላይ አሁንም ቆመዋል። ኒካሁ ጧት ታስሯል፤ ሙሽሮቹ ምሳ በልተው ዝናቡ ሳይቀድማቸው መሄድ ነበረባቸው፤ ሰፈራችን ከዘነበ ጎማ ይውጣል። ልቤ ዘለለ። አልሄደችም!

ጠጋ ስንል የሐጂ ግቢ በእንግዳ ጢም ብሏል፤ ሩዙም ሥጋውም ቀርቧል፣ የሚበላ ግን የለም። ሰው ሁሉ እጁን አጣጥፎ ዝንብ ያባርራል። ነጭ ጀለብያ የለበሱት የሙሽራው አጎት፣ ግዙፍ ሰው ናቸው፣ ሆዳቸውን ይዘው በአረብኛ «ያ ሐጅ! ዝናቡ መጣ፣ እኛም አለቅን። ማንን ነው የምንጠብቀው?» ይላሉ።

«የሙሽሪትን እናት» አላቸው ሐጂ። «ቤተ ክርስቲያን ናት። ቅዳሴ ሳይወጣ እህል አትቀምስም። እሷ ሳትቀምስ ደግሞ በዚህ ቤት ምሳ የለም።»

አጎትየው አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ። እኔም እንደዚያው።

ጆንያው ወርዷል። የተናደው ግድግዳ ጭቃ ተጠርጎ፣ በግድግዳው ቦታ ላይ ግማሹ ወደኛ፣ ግማሹ ወደነሱ ምንጣፍ ተነጥፏል። ምንጣፉ ላይ ምስሩ፣ ሽሮው፣ ጎመኑ፣ በሰሊጥ ዘይት ያበደው ሱፍ ፍትፍት። እነዚያ አዳዲስ ድስቶች! ከድስቶቹ ኋላ ጭልፋ ይዛ ላቧን እየጠረገች የቆመችውስ ማን ትሁን? ሰብሳቢያችን!

«ምነው ሸዋ!» አልኳት። «ሆን ብሎ ነው ስትይ አልነበር?»

«ሆን ብሎማ ነው!» አለች፣ እፍረት የሚባል ሳይታይባት። «ይህን ሁሉ ድስት ሳያስበው ገዛው?»

ሐጂ ለብቻዋ ጠርቶ ለምኗት ኖሯል፤ የሱ ወጥ ቤት ቅቤ ስለነካው ድስቱ አዲስ፣ እጁም የጾመኛ እጅ እንዲሆን። ለማንም እንዳትነግርም አስምሏታል። እሷም አልነገረች፤ ከዚህች ሴት አፍ አንድ ወሬ ሲቀር ይህ የመጀመሪያው ነው።

ባለቤቴ ቦዩ ዳር እንደ ጅብራ ተገትሯል። ሐጂ ወደሱ መጣ። ሁለቱም መሬት መሬት ያያሉ።

«ግድግዳው አዝምሞ ነበር» አለ ሐጂ።

«ቦዩን እኔ ነኝ የቆፈርኩት» አለ ባለቤቴ ቀስ ብሎ።

«እሱንማ ማን አጣው። ግባ አሁን፣ ሰው ተርቧል።»

ገባ። ተቃቀፉ፣ ትከሻ ለትከሻ ተጋጩ፣ ባለቤቴ «ጉንፋን ይዞኛል፣ አትጠጋኝ» እያለ ለቀቅ አላደርገውም አለ። ኡስታዝ የማንም ወገን ስላልሆነ በሁለቱ ማዕድ መሃል ምቹ ቦታ ይዟል። ዓይን ለዓይን ስንገጣጠም «አላልኩም?» አላለኝም፤ ይልቁንስ እጁን ታጥቦ ነበር።

ከዚያ ልጄ ከጓዳ ወጣች። ቀይ ቶብ ለብሳ፣ እጇ እስከ ክንዷ ሂና ተስሎበት፣ ወርቅ በወርቅ ሆና። የወንድ ወገን ሴቶች «ከጧት ጀምሮ ውሃ እንኳ አልቀመሰችም፤ ሙሽራ መሆን ጨንቋት ነው» እያሉ ይከተሏታል። እኔ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጠቅጥቄ ቆሜያለሁ። መጣች፣ ጎንበስ አለች፣ ጉልበቴን ሳመች። እሷ ቀና ሳትል፣ ሰው እንዳይሰማ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ።

«እማ፣ ቅዳሴ ወጣ?»

«ወጣ ልጄ» አልኳት።

ከአዲሱ ድስት የመጀመሪያዋን ጉርሻ በእጄ አጎረስኳት። ያ ሁሉ ሰው መብላት የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።